4 በመቶዋ ለማን ትድረስ? የአንድ ኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካ የጡረታ መዋጮ ጉዳይ

ጉዳዩ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ስሙን አልጽፍም። ቋሚ ሠራተኞቹ ሰባ ይሆናሉ። ባለቤቱን ከዘበኛው እስከ ሒሳብ ሹሟ ሁሉም «ሐጂ» ነው የሚላቸው። እኔም እንዲሁ ልጥራቸው።

በ2016 ዓ.ም. ሐጂ አንድ ሐሳብ አመጡ። ከመንግሥት ጡረታ ውጭ ለሠራተኛው ተጨማሪ ቁጠባ ይቋቋም፤ ሠራተኛው ከደመወዙ ሲያስቀምጥ ድርጅቱም በላዩ ላይ ይጨምርለት። ነገሩ ባንኮችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ዘንድ የቆየ ነው፤ ፕሮቪደንት ፈንድ ይሉታል። እኔ የተጠራሁት ሒሳቡን እንድሠራና ደንቡን እንዳረቅቅ ነበር።

መጀመሪያ «ለምን ፈለጉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁለት ምክንያት ሰጡኝ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ችግሩ፣ እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

አንደኛው ውለታ ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ፋብሪካው ተዘጋ። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ከተማዋ ስትረጋጋ ግቢው ውስጥ የተረፈው ጥቂት ነበር። ያኔ ደመወዝ ሳይጠይቁ መጥተው የጠረጉ፣ ማሽን ያጸዱ፣ ሌሊት ያደሩ ሰዎች አሉ። ዘበኞች፣ መጋዘን ሠራተኞች፣ ዱቄት የሚያሽጉ ሴቶች። ሐጂ «አብሽሩ፣ አልረሳችሁም» ብለዋቸው ነበር። ቃል ደግሞ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው የባለሙያ ፍልሰት ነው። የወፍጮ ቴክኒሽያንና ኤሌክትሪሽያን ሥራውን ለምዶ እጁ ሲፍታታ፣ በሁለት በሦስት ዓመቱ ውልቅ ይላል። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ አንዳንዴም እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ፋብሪካ። ሐጂ በራሳቸው ወጪ ሰው አሠልጥነው ለሌላ መስጠት ሰልችቷቸዋል።

ሠራተኛው ሲቆጥብ ብቻ የሚጨመር መዋጮ ሁለተኛውን ችግር ይነካል። መቆጠብ የሚችለው ቴክኒሽያኑ ነዋ። ሌሊት ያደረው ዘበኛ ግን ከደመወዙ ምን ተርፎት ይቆጥባል? እዚህ ላይ ካልተጠነቀቅን የውለታው ገንዘብ ውለታ ላልዋለው ሰው ይሄዳል። ቀሪው ሥራዬ ሁሉ ይህችን ነገር መፍታት ነበር ማለት ይቻላል።

የመንግሥቱ ጡረታ የት ድረስ ይሄዳል?

የግል ድርጅት ሠራተኛ በጡረታ የታቀፈው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ያኔ መዋጮው ከሠራተኛው 5፣ ከአሠሪው 7 በመቶ ሆኖ ጀመረ። ደረጃ በደረጃ ከፍ ብሎ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ላይ ቆመ። አሁን የሚሠራበት አዋጅ 1268/2014 ነው።

አበሉ የሚሰላው እንዲህ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 በላይ ላለችው ለእያንዳንዷ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እዚያ ጣሪያ ላይ ለመድረስ 42 ዓመት መሥራት ያስፈልጋል። ፋብሪካ ውስጥ 42 ዓመት የሚሠራ ማን ነው?

በ3,000 ብር ደመወዝ 20 ዓመት ያገለገለች አሻጊ 42.5 በመቶ ታገኛለች፤ ይህም 1,275 ብር ነው። ይህን ቁጥር ስብሰባ ላይ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ከኋላ አንዲት ሴት «የዱቄቱ ዋጋስ ያኔ ስንት ይሆናል?» አለች። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ሲባል መልስ ማግኘት ይከብዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጡረታው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው። የትራንስፖርት አበል፣ የቤት አበል፣ ትርፍ ሰዓት አይገቡም። ብዙ አሠሪ ደመወዙን ትንሽ አድርጎ አበሉን ያበዛል፤ ሠራተኛውም እጁ ላይ የሚገባውን ብቻ ስለሚያይ ዝም ይላል። ጉዳቱ የሚታወቀው በ60 ዓመቱ ነው። ይህ ፋብሪካም ከዚህ ልማድ ንጹሕ አልነበረም። ደንቡ ላይ የእኛንም መዋጮ በመሠረታዊ ደመወዝ አሰላን፤ ትርፍ ሰዓት ስንዴ በሚበዛበት ወር ይንርና ቀጥሎ ይወርዳል፣ ለወርኃዊ ስሌት አይመችም። ግን የሠራተኛ ማኅበሩ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ከአበሉ ከፊሉ ወደ ደመወዝ እንዲዞር ጠየቀ፤ ሐጂም በከፊል ተስማሙ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከመዋጮው ይልቅ ለአሻጊዎቹ ትልቁ ድል ይኸኛው ነው።

አራቷ በመቶ ከየት መጣች?

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አሠሪ ለሠራተኛው ጡረታ ወይም ፕሮቪደንት ፈንድ የሚከፍለውን ከግብር ነፃ ያደርጋል። ገደቡ በወር ከደመወዙ 15 በመቶ ነው። አሠሪው 11ዱን ለመንግሥት ጡረታ ይከፍላል። የቀረችው 4 በመቶ ናት። ከዚያ ካለፈ ትርፉ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብር ይቆረጥበታል።

ሐጂ መጀመሪያ «ታዲያ ደመወዝ ብጨምርላቸው አይሻልም?» ብለው ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። የ12,000 ብር ደመወዝተኛ ቴክኒሽያን ወስደን አሰላን። 4 በመቶ 480 ብር ነው። ደመወዝ ሆና ብትጨመር በወቅቱ በነበረው ተመን 35 በመቶ ግብር፣ ማለትም 168 ብር ይቆረጥባታል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 33.60 ብር ነው። እጁ ላይ የምትደርሰው 278.40 ብር ናት። ሐጂ ደግሞ በላይዋ ላይ 11 በመቶ፣ 52.80 ብር ይጨምራሉ፤ ጠቅላላ ወጪያቸው 532.80 ይሆናል። በፈንዱ በኩል ከሆነ ግን 480 ብር ወጥታ 480 ብር ትገባለታለች። እርግጥ የጡረታ መዋጮዋ አልጠፋችም፣ በኋላ በአበል መልክ ትመጣለች። የግብር ተመኑም በ2017 ተሻሽሏል። ልዩነቱ ግን ያኔም ግልጽ ነበር። ሐጂ ካልኩሌተሩን ተቀብለው ራሳቸው ደግመው አሰሉት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ደመወዝ ጭማሪ አላነሡም።

የሠራተኛው ድርሻ ግን ይህ ዕድል የላትም። የምትቆረጠው ግብር ከተከፈለባት ደመወዝ ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን የሚስበው የድርጅቱ ጭማሪ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀመር

የሐጂ ልጅ ከኢንተርኔት አንድ ቀመር ይዞ መጣ። ሠራተኛው እስከ 8 በመቶ ይቆጥባል፣ ድርጅቱ ግማሹን ይጨምራል። ጣሪያው ያው 4 በመቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ድርጅት ሠራተኛው እስከ 6 በመቶ ሲያስቀምጥ ግማሹን ያክላል። ብልሃቱም አለው። ሰው ሙሉውን ጭማሪ ለማግኘት ሲል ራሱ ብዙ ይቆጥባል።

ኮምቦልቻ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ለማሳየት ያህል ሠራተኛውን በሦስት ከፈልን። አርባው በ3,000፣ ሃያው በ5,000፣ አሥሩ በ12,000 ብር። የወር ደመወዙ ድምር 340,000 ብር ነው። ሁሉም ሙሉ ቢቆጥብ የድርጅቱ ወጪ በወር 13,600 ብር ይሆናል።

ሁሉም ግን አይቆጥብም። ሒሳብ ሹሟ በየክፍሉ እየዞረች ማን ስንት እንደሚችል ጠየቀች። ከላይ ያሉት በደስታ 8 በመቶ አሉ። ከመካከለኞቹ ግማሹ 4 በመቶ። ከታች ያሉት ተያዩና ሳቁ። ከ3,000 ብር 240 ብር ማለት የልጅ ደብተር ነው፣ የቅሬ (የእድር) መዋጮ ነው፣ የእቁብ ዕጣ ነው። በዚህ አካሄድ ድርጅቱ በወር 5,800 ብር ያወጣል። ከዚያ ውስጥ 4,800 ብሩ ለአሥሩ ሰዎች ይሄዳል። ለአርባዎቹ ዜሮ።

ሐጂ ሰንጠረዡን አይተው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ይኼማ ለእኔ ለራሴ ልጆች ያሰብኩት ይመስላል» አሉ። ልጃቸውም እኮ ከአሥሩ አንዱ ነው።

ስለዚህ ቀመሩ ተገለበጠ። አራቷን በመቶ ለሁለት ከፈልናት። አንዷ በመቶ ለማንኛውም ቋሚ ሠራተኛ፣ ቆጠበም አልቆጠበም ትገባለታለች። ሦስቷ በመቶ ደግሞ ብር በብር ነው፤ ሠራተኛው 1 ካለ 1፣ 2 ካለ 2፣ 3 ካለ 3። ከ3 በላይ መቆጠብ ይችላል፣ ድርጅቱ ግን አይጨምርም። አሻጊዋ 30 ብር ብታስቀምጥ ድርጅቱ 60 ብር ያገባላታል። ይህን ሰምቶ የማይገባው ሰው የለም።

ከታች ላሉት ተጨማሪ ነገርም ተደረገ። ከጦርነቱ በፊት ለተቀጠሩትና ለተመለሱት ሐጂ በአገልግሎት ዓመት ልክ የመነሻ ገንዘብ በየስማቸው አስቀመጡ። መጠኑ በደመወዝ አልተሰላም፤ ለዘበኛውም ለኤሌክትሪሽያኑም ለአንድ ዓመት እኩል ነው። ጠባዩ ከመዋጮ ይልቅ ስጦታ ነው፣ ደንቡ ውስጥም ለብቻው ተጻፈ። ውለታና ማበረታቻ በአንድ ቀመር ይከፈሉ ሲባል ነው ነገር የሚበላሸው።

ፊርማና ቆረጣ

የውጭ ጥናቶች አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ። ሠራተኛውን «ትገባለህ ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ፣ አስገብቶ «መውጣት ትችላለህ» ማለት የቆጣቢውን ቁጥር በብዙ ያሳድጋል። እኛ ዘንድ ግን ዝም ብሎ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው ይላል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምርም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

መንገዱ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ነበር። ማኅበሩ በኅብረት ስምምነቱ ላይ 1 በመቶ ቁጠባ የሁሉም መነሻ እንዲሆን ተስማማ። የማይፈልግ በማንኛውም ወር ቅጽ ሞልቶ ይወጣል። ከ1 በላይ ለመቆጠብ ግን ፊርማ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሰው ብድር፣ የማኅበር መዋጮና ጡረታ ተደምሮ አንድ ሦስተኛዋን ሊነካ ደርሷል፤ ሒሳብ ሹሟ የእነሱን ለብቻ ትከታተላለች።

ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ የተባሉ ሁለት ምሁራን በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ የአሜሪካ አምራች ኩባንያ ሠራተኞች ደመወዝ ሲጨመርላቸው ቁጠባቸውም አብሮ ከፍ እንዲል አስቀድመው ሲስማሙ፣ በ40 ወር ውስጥ ከ3.5 ወደ 13.6 በመቶ እንዳደገ አሳይተዋል። እኛም ያንኑ ወሰድን። ሐምሌ ላይ ጭማሪ ሲመጣ የፈረመ ሰው ቁጠባው በ1 በመቶ ከፍ ይላል፣ 3 እስኪደርስ። ጭማሪው ገና እጅ ስላልገባ ሰው ብዙም አይሰማውም።

የድርጅቱ ድርሻ መቼ የሠራተኛው ይሆናል?

የሠራተኛው ቁጠባ ሁልጊዜም የራሱ ነው። ክርክሩ በድርጅቱ ድርሻ ላይ ነበር። ሐጂ «7 ዓመት ይቆይ፤ ከዚያ በፊት ከሄደ ምንም» አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል። ግን በሁለት ዓመቱ የሚሄድ ቴክኒሽያን 7 ዓመትን እንደ ተስፋ አይቆጥረውም፤ ከመጀመሪያውም የሌለ ያህል ነው የሚያየው። በአሜሪካ ሕግ እንኳ ለአሠሪ ጭማሪ ሁሉንም በአንዴ የሚሰጥ ከሆነ ከ3 ዓመት፣ ደረጃ በደረጃ ከሆነ ከ6 ዓመት ማለፍ አይቻልም።

ከረጅም ንግግር በኋላ እንዲህ ተወሰነ። 2 ዓመት ሲሞላ 40 በመቶ፣ 3 ሲሞላ 60፣ 4 ሲሞላ 80፣ 5 ሲሞላ መቶ በመቶ። ለመሄድ በሚያስብበት በሁለተኛው ዓመት ላይ ሰው «አንድ ዓመት ብቆይስ?» የሚልበት ምክንያት ይኖረዋል። ከፈንዱ በፊት የነበረ አገልግሎትም ይቆጠራል። ስለዚህ ከጦርነቱ ጊዜ ሰዎች 5 ዓመት የሞላቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ባለመብት ናቸው።

ሞት፣ አካል ጉዳት፣ ጡረታና ፋብሪካው ራሱ ሠራተኛ ሲቀንስ ግን ዓመት አይቆጠርም፤ ሙሉው ይከፈላል። ይህን የመጨረሻውን ማኅበሩ ሙጭጭ ብሎ ያዘው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ፣ ደግሞም አገሪቱ አጎዋ ከሚባለው፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል ከወጣች በኋላ፣ ሥራ በአንድ ደብዳቤ እንደሚያልቅ ያላየ የለም። ሐጂ አልተከራከሩም።

በጊዜ የሄደው ሰው ትቶት የሚሄደው ገንዘብስ? ሐጂ ወደ ድርጅቱ ይመለስ ይሉ ነበር። እኔ ተቃወምኩ። አሠሪ ሠራተኛ ሲለቅ የሚያተርፍበት ፈንድ ሰው አያምነውም። አሁን በዓመቱ መጨረሻ ለቀሩት በነፍስ ወከፍ እኩል ይከፋፈላል።

ብሩ የት ይቀመጥ?

በስብሰባው ላይ ከመዋጮው መጠን በላይ ሰዓት የፈጀው ይህ ነው። «ፋብሪካው ዳግም ቢዘረፍስ?» «ሐጂ ባይኖሩስ፣ ልጆቻቸው ቢሸጡትስ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከድርጅቱ ሒሳብ ጨርሶ ወጣ። በፈንዱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ በሠራተኛው የተመረጡ ናቸው። የድርጅቱ ድርሻ በደመወዝ ቀን አብሮ ይገባል እንጂ «ዓመት መጨረሻ ላይ» አይባልም። መዝገቡም ከግቢው ውጭ ሌላ ቅጂ አለው፤ በ2014 የጠፋውን የደመወዝ መዝገብ መልሶ ማቀናበር ምን እንደሚመስል ሒሳብ ሹሟን ጠይቋት።

ከዚያ ወለድ መጣ። ከሠራተኛው ብዙው ሙስሊም ነው። «ወለድ ያለበት ከሆነ እኔ የለሁበትም» ያሉ ገና በመጀመሪያው ቀን ነበሩ። ወሎ ላይ ይህን ሳያስቡ ደንብ ማርቀቅ አይሆንም። ሁለት ሒሳብ ተከፈተ፤ አንዱ መደበኛ፣ ሌላው ከወለድ ነፃ። እያንዳንዱ ሰው ቅጹ ላይ ይመርጣል። ከወለድ ነፃ በሆነው በኩል ሙዳረባ ተመረጠ፤ ባንኩ በብሩ ሠርቶ ያተረፈውን ከቆጣቢው ጋር ይካፈላል፣ አስቀድሞ የተቆረጠ መጠን ግን የለም። ይህን በግልጽ መናገር ነበረብን፤ «ባንኩ ካላተረፈ ትርፍ የለም» ተብሎ ተጻፈ። አንድ ቤት ውስጥ ባል አንዱን ሚስት ሌላውን የመረጡም አሉ። ማንም አልተገረመም።

የሁለቱም ሒሳብ ድክመት ግን አንድ ነው፤ እኔንም እስካሁን የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ያኔ የቁጠባ ወለድ መነሻው 7 በመቶ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚህ አካሄድ ብር ሃያ ዓመት ባንክ ማስቀመጥ ማለት እያየነው ይቀልጣል ማለት ነው። አንድ አንጋፋ መጋዘን ሠራተኛ «በጥር ስንዴ እንግዛበት፣ በሐምሌ እንሽጠው» አሉ። ቤቱ ሳቀ፣ እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። ሒሳቡን ካየን ባንኩን ያስንቃል። ግን ነቀዝ አለ፣ የዋጋ መውደቅ አለ፣ በምርት ክዘና መጠየቅም አለ። የጡረታ ገንዘብ በአንድ ክምር ላይ አይጣልም ብለን ተውነው።

የተገኘው መፍትሔ ብሩን እስከ 60 ዓመት አለመዝጋት ነው። 5 ዓመት የቆየ ሰው ለቤት መሥሪያ፣ ለከባድ ሕክምና ወይም ለልጅ ትምህርት እስከ ግማሹ ማውጣት ይችላል። የጡረታ ቁጠባን አስቀድሞ መንካት የሙያው መጽሐፍ አይወደውም። እኔ ግን ለዚህ ቦታ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ገንዘቡ ደሴ ጫፍ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ከሆነ፣ ያ ቤት በ60 ዓመት ላይ ከባንክ ደብተር የተሻለ ጡረታ ነው። ከማኅበሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ግን ለሠርግ ሰበብ ይሆናል ብለው ፈርተዋል፤ ስለዚህ ለቤት የሚወጣው በእጅ አይሰጥም፣ ለዕቃ አቅራቢው ወይም ለቤት ማኅበሩ በቀጥታ ይከፈላል።

አሁን ያለበት

ፈንዱ ሥራ ጀምሯል። ከአርባዎቹ ውስጥ ከ1 በመቶዋ የወጣው ጥቂት ነው፤ ከወጡትም የተመለሱ አሉ። ቴክኒሽያኖቹ ሁሉም 3 በመቶ ላይ ናቸው። ከእነሱ ሁለቱ ያም ሆኖ ለቀዋል፤ አንዱ እጥፍ ደመወዝ አግኝቶ ነው። እጥፍ ደመወዝን 4 በመቶ አያቆመውም። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ተናደዱ፣ ግን የሄደው ቴክኒሽያን ትቶት የሄደው ድርሻ ለቀሩት ሲከፋፈል አሻጊዎቹ ጋ የደረሰውን አይተው ዝም አሉ።

ያልተፈታው የቀን ሠራተኛው ነው። ስንዴ የሚያወርዱትና ዱቄት የሚጭኑት በኩንታል የሚከፈላቸው ናቸው። ቋሚ ስላልሆኑ ደንቡ አያውቃቸውም፤ መንግሥታዊ ጡረታም የላቸውም። ከእነሱ ውስጥ በ2014 ግቢውን ሲጠርጉ የነበሩ አሉ። ማኅበሩ ለሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ያዘጋጀው ሐሳብ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ድርጅቱ የተወሰነ ሳንቲም በየስማቸው እንዲያስቀምጥ ነው። ሐጂ ስንት ሳንቲም እንደሆነ ተጽፎ እንዲመጣላቸው ጠይቀዋል።